የቀኝ ተከላካይ የሌለው ቡድን

ቶኔ፣ ጄኔቫ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዙሪክ፣ ኦፕፊኮን ለሚገኘው ባለቤቴ ለኅሩይ ይድረስ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆንኩበትን ከዚህ ደብዳቤ ትረዳዋለህ። ከትናንት ወዲያ ስንደዋወል ሁሉንም «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» እያልክ ዘጋኸው። አንተን ስልክ ላይ መያዝ አይቻልም። ጠበቅ ያለ ነገር ስጠይቅህ ወይ ባቡር ይመጣል ወይ ሥራ አስኪያጁ ይጠራሃል። ይህ ሥራ አስኪያጅ እኔ ጥያቄ ስጠይቅ ብቻ ብቅ ማለቱ ይገርመኛል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ቆመህ እንዳታነበው።

ደህናውን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ዲቦራ ሎዛን ያለው ሥራዋ ተመችቷታል። በየሳምንቱ እመጣለሁ ትላለች፣ በወር አንዴ ትመጣለች። እኔም የአረጋውያኑ ቤት ሥራዬ እንዳለ ነው፤ አዲሷ አለቃችን ፈገግታዋ በዝቶብኛል፣ ምን አስባ እንደሆነ እንጃ። የልጅቷን ክፍል ግድግዳ ቀለም አስቀባሁት። ለፋሲካ ጡረታ ወጥተህ ጠቅልለህ ስትገባ ወንበርህንና ቴሌቪዥንህን እዚያ ታደርጋለህ ብዬ ነው። ይህን ስነግርህ «ሆቴሉ ትንሽ ብትቆይልን ብሎኛል» አልክ። ትንሽ ማለት እስከ መቼ ነው? ያን ያህል ሆቴል ቧንቧ የሚጠግንለት ሌላ ሰው አጣ? ያን ዕለት ዝም አልኩ እንጂ አልዋጥኩትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ድሮ አርብ ማታ ትመጣ ነበር። የዙሪክ አበሾች የኳስ ቡድን ውስጥ ከገባህ ወዲህ አርብ ቀረና ቅዳሜ ማታ ሆነ። ጭቃ የጠጣ ማልያና ካልሲ በቦርሳ ይዘህ ትገባለህ፣ እሁድ ምሳ በልተህ ትመለሳለህ። ቅር ሲለኝ «ምን ላድርግ ሕብስት፣ እኔ ከሌለሁ ቀኝ መስመሩ ወና ነው» አልከኝ። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜህ የሚፈልግህ ቡድን አለ ብዬ ለዲቦራም ለጎረቤትም አውርቻለሁ።

ነሐሴ ላይ ቡድናችሁ ለውድድር ጄኔቫ መጣ። አንተ ጉልበቴን አሞኛል ብለህ ቀረህ። እኔ ግን ሳምቡሳ ጠብሼ ሄድኩ፤ ልጆቹን ላበላ ብቻ አልነበረም፣ ያንተን ቦታ ማን እንደያዘው ላይ ፈልጌ ነው። ኳስ አታውቂም ትለኛለህ። ካንተ ጋር ያን ያህል ዓመት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ የቀኝ ተከላካይ የት እንደሚቆም ሳላውቅ ልቅር? ከበረኛው ፊት አየሁ፤ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። በቀኝ በኩል ማንም የለም። አብዱልአዚዝ የሚሉት ቀጭን ልጅ ብቻ መስመሩን ይዞ ላይ ታች ይሮጣል። ቀዩን ካርድ ማን አየ ብዬ ጠየቅኩ፣ ማንም አላየም አሉኝ።

ዕረፍት ሲወጡ አሰልጣኛችሁን ተሻገርን ያዝኩት።

«ተሻገር፣ የኅሩይን ቦታ ማን ያዘው?»

«የቱን ቦታ፣ እትዬ?»

«የቀኝ ተከላካዩን ነዋ።»

ወደ ሜዳው ዞር አለ። ሜዳው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ሁሉም ውሃ እየጠጡ ነው። «እሱን ቦታ እኮ ትተነዋል፣ እትዬ» አለኝ። «ጥግ ላይ ቆሞ አንድ ሰው ብቻ የሚጠብቅ ተከላካይ ድሮ ቀረ። እንደዚያ ከተጫወትን አንድ ሰው ጎደለብን ማለት ነው። አሁን ከኋላ ሦስት እናቆማለን፣ መስመሩን እንደ አብዱልአዚዝ ያለ ትንፋሽ ያለው ይሮጥበታል። ያሻማል፣ ይመለሳል፣ ሲያስፈልግም መሐል ገብቶ ይቀበላል።»

«ኅሩይ ይህን አይችልም?»

«ጋሽ ኅሩይን አልፏቸው የሄደ የክንፍ ተጫዋች እኔ አላየሁም፣ እሱን አልክድም። ግን የመሐል ሜዳዋን መስመር እንደ ድንበር ነው የሚያዩዋት። አይሻገሯትም።»

«ለገበያ ፈረንሳይ ሲሻገር አያመነታም» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። «ታዲያ መቼ ነው ያስወጣችሁት?»

«ኧረ አላስወጣናቸውም፣ እትዬ። ቦታው ሲቀር ተቀያሪ ይሁኑ አልናቸው፤ አመስግነው ሄዱ። አምና ነው፣ ከፋሲካ በፊት። አልነገሩዎትም?»

«ነግሮኛል፣ ረስቼው ነው» አልኩ። ምን ልበል? ሰው ፊት አላዋርድህም። የሳምቡሳውን ሰሃን ጥዬ መጣሁ፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።

ቤት ገብቼ የልብስ ማጠቢያው ፊት ቁጭ አልኩ። አምና ከፋሲካ በፊት ካቆምክ፣ ከዚያ ወዲህ ሳጥበው የከረምኩት ጭቃ የየት ነው? ቡድን የለህም፣ ጨዋታ የለህም፣ ጭቃ ግን አለህ። ወንድ ልጅ ሚስቱን ለማታለል ማልያውን ወንዝ ዳር እየነከረ ይመጣል? አንተ ታደርገዋለህ አልልም፤ አታደርገውም ብዬም አልምልም። ለዲቦራ ደወልኩላት።

«ማማን፣ ፓፓ ፉት ይጫወታል፣ ሴ ቱ፣ በቃ። አንቺ ሁሌ ትጠረጥሪያለሽ።»

«የሚጫወትበት ቦታ ከቡድኑ ተሰርዟል እያልኩሽ ነው።»

«አሁን ብዙ ቡድን እንደዛ ነው፣ ማማን። ኖርማል ነው።»

ቶሎ መለሰችልኝ። እናቷ ስለ ኳስ ስትጠይቃት ያልገረማት ልጅ አንድ ነገር ታውቃለች ብዬ እሷንም ጠረጠርኩ። እናንተ ጠርጣራ በሉኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ። ሽቶህን አየሁ። ኳስ ሊጫወት የሚሄድ ሰው ጢሙን ተላጭቶ ሽቶ ይቀባል? ቅዳሜ ማታ ስትገባ ፊትህ ፈክቶ አያለሁ፤ እኔን ስታይ ደግሞ «ደክሞኛል» ትላለህ። ሆቴሉ ቆይልን ማለቱንም ከዚህ ጋር አገናኘሁት። ሴት አለች አልኩ። ስሟን ባላውቅም ቁመቷን ሁሉ ገመትኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ገብቻለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። በመጀመሪያው ባቡር ተሳፍሬ ኦፕፊኮን መጣሁ። ከቤትህ ፊት ለፊት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ዝናብ አልነበረም። ስትወጣ ቦርሳህን በትከሻህ አንግተሃል፣ ጢምህ ተላጭቷል፣ ያፏጫል ደግሞ ጌታው። የቪንተርቱርን ባቡር ያዝክ፤ እኔ ከኋላህ ባለው ፉርጎ ገባሁ። ቪንተርቱር ወርደህ ዳቦ ቤት ገባህ፣ ኬክ ገዝተህ ወጣህ። ለእኔ ኬክ ይዘህ የመጣኸው መቼ ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ በሆነልኝ እያልኩ ተከተልኩህ።

ከድሮው ፋብሪካ ጀርባ ያለው ሜዳ ጋ ስትደርስ ቀይ ካፖርት የለበሰች ሴት ብቅ አለች። ኬኩን ሰጠሃት። ሦስት ጊዜ ሳመችህ። እዚህ አገር ሰው ሦስት ጊዜ መሳሳሙ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቆጠርኩ።

ልወጣብህ ስል ማልያ የለበሱ ሽማግሌዎች መጡ። ጸጉራቸው የነጣ፣ ጉልበታቸውን በፋሻ ያሰሩ፣ ሆዳቸው ከማልያቸው ያመለጠ። በቋንቋቸው ጣልያኖችና ፖርቱጋሎች መሆናቸውን አወቅኩ። ሴትየዋ የበረኛው ሚስት ናት፤ ኬኩም የእሱ ልደት ሆኖ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውት ዘፈኑ፣ አንተም ዘፈንክ። እኔ አንተ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም።

ከአጥሩ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ መጣ፤ ወገቡን አሞት ያን ቀን የማይጫወት ነው፣ ፈረንሳይኛ ይችላል። በጣቱ አሳየኝ፤ አንተን።

«ያ የቀኝ ተከላካያችን ነው። ወጣቶቹ ይህ ቦታ አሁን አያስፈልግም ይላሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ እነሱ ይሮጣሉ። እኛ ሄደን መመለስ ስለማንችል የማይሄድ ሰው ያስፈልገናል።»

ወደ አንተ ዞሬ አየሁ። አንድ አጭር ጣልያን ኳስ ይዞ መጣብህ፤ በግራ ሞከረ፣ በቀኝ ሞከረ፣ አንተ ከፊቱ አልጠፋህም። ኳሷን ነጠቅከውና አንድ ነገር አልከው፤ ሰውዬው ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አንተም ወገብህን ይዘህ ሳቅህ። በጀርመንኛ ትጮህባቸዋለህ፣ በጣልያንኛ ይመልሱልሃል፣ አንተ ትቀልዳለህ። ይህን ሁሉ አፍ ከየት አመጣኸው? ዲቦራ ከቤት ከወጣች ጀምሮ እኛ ቤት «ጨው አለ?» እና «ዜናው ጀመረ» ብቻ ነው የቀረው። እኔ እኮ አንተ ሸምግለህ ወሬ አለቀብህ ብዬ አዝኜልህ ነበር።

«ታውቂዋለሽ?» አለኝ ሽማግሌው።

«አላውቀውም» አልኩት።

በባቡሩ ሳስበው መጣሁ። በኳሱ ነገር ተሻገር ልክ ይሁን ሽማግሌው ልክ ይሁን አልፈርድም። የተሻገር ልጆች ያለ ቀኝ ተከላካይ አሸንፈው ነው የሄዱት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንተን ይዘው ተሸነፉ፤ ጎሉ በሌላው በኩል ነው የገባው፣ ያንተ ጥፋት አልነበረም። ያዘንኩት በሌላ ነው። ያን ቡድን ስትተው ቅዳሜህ ነፃ ወጣ፣ ኅሩይ። ሚስቴ ትጠብቀኛለች ብለህ አርብ ማታ ባቡር መሳፈር ትችል ነበር። ያን ነፃ የወጣ ቅዳሜ ይዘህ ሰው ፍለጋ ሄድክ፣ አገኘህም፤ ለእኔ ጭቃውን አመጣህልኝ። ከቡድኑ መውጣትህን የደበቅከኝ አፍረህ ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን አርብ እንድትመጣ እንዳልጠይቅህ ብለህ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ በለኝ፤ መሳሳት እወዳለሁ።

ነገሩ ሴት ብትሆን የማደርገውን አውቃለሁ። እጮሃለሁ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ ፊታቸው አቆምሃለሁ፣ ትምላለህ፣ እንታረቃለን። ለዚህ ግን ምን ብዬ ሽማግሌ እጠራለሁ? «ባሌ ከሰው ጋር ይስቃል» ብዬ ልክሰስህ? የሚታዘቡት እኔን ነው።

እና አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ለፋሲካ ትገባለህ ወይስ አትገባም? ከገባህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቪንተርቱር ድረስ ብትመላለስ አልከለክልህም፤ ሩቅ ነው፣ ግን ሂድ። የማትገባ ከሆነ በሆቴሉ አታሳብብ። የሚቀባውን ክፍል ቀብቻለሁ፣ ከዚህ በላይ ማድረግ የምችለው የለም።

እዚያ ድረስ መጥተሽ ለምን አልጠራሽኝም ትለኝ ይሆናል። ልጠራህ ተነስቼ ነበር። አጥሩን ይዤ ስምህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ እየሳቅህ ነበር፤ ዞር ብለህ እኔ መሆኔን ስታይ ያ ሳቅ ይጠፋ እንደሆነ ማየት ፈራሁ። ስለዚህ ሳላይ ተመለስኩ።

እመ ብርሃን ከክፉ ትጠብቅህ፤ ጉልበትህንም ታጽናልህ። እየበረደ ነው፣ ጋቢህን ከላይኛው መሳቢያ አውጣና ልበስ።

ሚስትህ
ሕብስት