ከአንገትሽ የወለቀው ክታብ

ውድ እማዬ፣

ውሸቴን ልናዘዝልሽ ነው የምጽፈው። ስለ ክታቡ ነው።

ወደ አሜሪካ የሸኘሽኝ ዕለት አንገቴ ላይ አስረሽልኝ፣ «አደራ ሐምራዊት፣ እንዳታወልቂው፤ እንዳትከፍቺውም» አልሽኝ። አዲስ ያስጻፍሽልኝ ነበር የመሰለኝ። ታዲያ ቆዳው ለምን አረጀ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩሽም። ያሳሰበኝ ሰው እንዳያይብኝ ነበር፤ ሹራቤ ስር ወሸቅኩት።

ኒው አልባኒ ያለ የዕቃ መጋዘን ሥራ በገባሁ በሳምንቱ አለቃዬ ጁነዲን አየው። «እህቴ፣ አንገት ላይ ምንም አይቻልም። ዕቃ የሚያመላልሰው ቤልት ከያዘው አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል፤ ሴፍቲ ነው» አለኝ። እውነቴን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። አውልቄ የመኪናዬ ክሩስኮት ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። አንቺ ግን በየእሁዱ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ነበር። «አንገትሽ ላይ ነው?» «አንገቴ ላይ ነው እማዬ።» ታመሽ ድምፅሽ አልሰማ ባለኝ ሰሞን እንኳ ያንኑ ጠየቅሽኝ፤ ያንኑ መለስኩልሽ።

ካረፍሽ በአራተኛው ወር ልጄን ሀሌሉያን ሙዚየም ወሰድኳት። የጥንት ሰዎች ከበሽታ ይጠብቀናል ብለው አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ድንጋይ አየን። ጥፍር የምታክል ቀይ ድንጋይ ነች፤ የአንበሳ ራስ ያለው እባብ ተቀርጾባታል። ጽሑፏ «ኢሲዶራ የወለደቻትን ልጅ ከትኩሳት ጠብቅ» ይላል። የልጅቷ ስም የለም፤ የእናቷ ብቻ ነው ያለው። ሀሌሉያ «ማሚ፣ ዲድ ኢት ወርክ?» አለችኝ። ሠርቶላት እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?

ፓርኪንጉ ላይ ክታቡን አውጥቼ ስፌቱን ፈታሁት። አትቆጪኝ። የፈለግኩት የራሴን ክርስትና ስም ነበር። በቀይ ቀለም የተጻፈው ግን «ወለተ ሰንበት» ነው፤ ያንቺ ስም። ሾተላይ ሁለት ልጆችሽን ከወሰደብሽ በኋላ፣ እኔን ስታረግዢ ያስጻፍሽው፣ ለመታጠብ እንኳ የማታወልቂው፣ ስታወሪልኝ እንጂ አይቼው የማላውቀው ክታብሽ ነበር። አንቺን የጠበቀ እኔንም የሚጠብቅ መሰለሽ። በአንቺ ስም የተጻፈ ለሌላ ሰው እንደማይሆን ማን ይንገርሽ? አንቺ ባዶ አንገትሽን ስትታመሚ፣ እሱ ኦሃዮ ውስጥ ከሀሌሉያ የተሰባበሩ የቀለም እርሳሶች ጋር ተቀምጦ ነበር። ክታብ ያድናል አያድንም አላውቅም። ብመልስልሽ ኖሮ እያልኩ ግን አለቅሳለሁ።

መልሼ ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቴ አያምርም። ጁነዲን ደግሞ አይቶ ሊናገር ሲጀምር «የእናቴ ስም ነው» አልኩት። ቤልት ወደሌለበት ክፍል አዛወረኝ።

እሁድ ሲደርስ አሁንም ስልኬን አያለሁ። አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ እኮ አልዋሽሽም ነበር። አንገቴ ላይ ነው እማዬ።

ልጅሽ ሐምራዊት
ኮሎምበስ