ከጎተራው ጀርባ ስለተነሱት ሳጥኖች ለውበት ኃላፊያችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ግራንት ሆልቨርሰን
የኮልደር ፎልስ ከተማ ጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ። የቢሮዎ ማሞቂያ ምን ያህል ደኅና እንደሚሠራ በዐይኔ አይቻለሁና፣ በዚህ ብርድ ጉንፋን እንኳ ደፍሮ እንዳልቀረበዎ ተስፋ አለኝ። እኔ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የምኖር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሎሬታ ቫንዳል ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ የዋሉልን ውለታ በግል ደብዳቤ ተመስግኖ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ በአሮጌው የእህል ጎተራ ጀርባ ይኖሩ የነበሩትን ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ከእንግዶች ዐይን ስለሰወሩልን እናመሰግናለን። እነዚህን ድመቶች የምትንከባከባቸው ጎረቤቴ ማርሊስ ኤንገብሬት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምግብ የምታበስልለት ሰው አጥታ እጇ ሥራ ፈትቶባት ነበር። አንድ ጠዋት ከጎተራው ደረጃ ሥር አንዲት ብርቱካንማ ድመት ግልገሎቿን ስታጠባ አየች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሆነች ማለት እችላለሁ። ድመቶቹን በወጥመድ ሣጥን እየያዝን ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰድን፣ ተከተቡ፣ እንዳይባዙም እንዲመክኑ ተደረገ። የሰው እጅ የለመዱትን ግልገሎች ቤት ፈለግንላቸው። ትልልቆቹ ሰው የሚሸሹ ስለነበሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለብርዱም ዓሣ ሻጩ ከሰጠን የፎም ሣጥኖች መጠለያ ሠራን። ብርድ ልብስ ልናነጥፍ ስንል ሐኪሟ፣ «ተዉት፣ ውኃ ይዞ ይበርድባቸዋል፤ ገለባ አድርጉ» ስላለችን ገለባ ሞላንባቸው። ከከተማው አንዲት ሳንቲም አልጠየቅንም።

ሁለተኛ፣ እንግዶች የሚመጡበት የበረዶው በዓል ሲቃረብ ሣጥኖቹን እንዲያነሱ ሠራተኞችዎን የላኩት እሑድ ጠዋት፣ ማርሊስ ቤተ ክርስቲያን በነበረችበት ሰዓት ስለሆነ ለአስተዋይነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብታይ ኖሮ ታለቅስ ነበር፣ የሰው እንባ ደግሞ ለበዓል ዝግጅት አይመችም። ከሠራተኞችዎ አንዱ ማታ በሯን አንኳኩቶ፣ «እሜቴ፣ ታዝዤ ነው እንጂ እኔ እንኳ ድመት አለኝ» ብሏታል። ስሙን ግን አልነግርዎትም።

ሦስተኛ፣ በማግሥቱ እኔና ማርሊስ ቢሮዎ ስንመጣ ቆመንም ቢሆን ስላነጋገሩን እናመሰግናለን። ምን እንዳለችዎ ያስታውሱ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩና አስታውሳለሁ። «አቶ ሆልቨርሰን፣ ቦታው ካስጠላዎት ሌላ ቦታ ያሳዩኝ፣ ሣጥኖቹን እኔው ተሸክሜ እወስዳቸዋለሁ። ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ ነው» ነበር ያለችዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «ወይዘሮ ማርሊስ፣ ድመት እኮ ጠጉር አላት፤ አይዞሽ፣ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን» አሏት። ካፖርትዎን ለብሰው ነበር። ሣጥኖቹ የት እንዳሉ ስንጠይቅ ተሰባብረው ቆሻሻ መጣያ መግባታቸውን የነገረችን ጸሐፊዎ ነበረች፤ እሷም ቀና ብላ አላየችንም።

በዚያው ሳምንት ብርዱ መጣ። እርስዎም ያውቁታል፣ ውሻ ወደ ደጅ ማውጣት እንኳ ያስፈራ የነበረው ብርድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተባብሮ፣ አንዱ ጋራዡን ከፈተ፣ ሌላው በረንዳው ሥር ካርቶን አኖረ፣ ዓሣ ሻጩም ሌላ ሣጥን አመጣ። ነገር ግን ድመት የለመደችውን ቦታ በቀላሉ አትለቅም፤ የድሮ መጠለያቸውን ፍለጋ እዚያው ጎተራው ጀርባ እየተመለሱ በባዶው መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር።

ብርቱካንማዋን ያገኘናት በዓሉ በተከፈተበት ጠዋት ነው። ሣጥኗ በነበረበት ቦታ፣ ጅራቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተጠቅልላ ነበር። የተኛች መስሎን ማርሊስ ስሟን ጠራች። ቀስ ብላ አነሳቻት፣ የካፖርቷን ቁልፍ ፈትታ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት፣ «ነይ የኔ እናት፣ መጣሁልሽ፣ ይኸው መጣሁልሽ» እያለች በመንገዱ መሐል ሄደች። እኔ ሞታለች ማለት ከበደኝ፤ እሷም ታውቅ ነበር። ቤቷ ገብተን ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጠች፣ እስኪመሽም ካፖርቷን አላወለቀችም። ከዋናው መንገድ የበዓሉ ሙዚቃ ይሰማን ነበር፤ ዜማው ጥሩ ነበር፣ ለምርጫዎም እናመሰግናለን።

ከሌሎቹም ብዙዎቹን አጥተናል። ማርሊስ አሁን ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በጎተራው በኩል ሳይሆን በድልድዩ ዞራ ነው። እኔ ሳጥኖቹ ይመለሱ ብዬ አልለምንዎትም፤ እኛው እየሠራን ነው፣ በየበረንዳችንም እያስቀመጥን ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ጊዜ ውለታ ሊውሉልን ሲያስቡ፣ እባክዎ ምንም አያድርጉልን።

የከተማዎ ውበት እንዳይጎድል፣ እንቅልፍዎም እንዳይታወክ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ሎሬታ ቫንዳል

ማሳሰቢያ፦ አንዲት ግራጫ ድመት ከብርዱ ተርፋ፣ ሌላ ሞቃት ቦታ ስላጣች፣ ከቢሮዎ ጀርባ ካሉት መኪናዎች ሞተር ሥር እየገባች እንደምታድር ጸሐፊዎ ነግራናለች። ልንይዛት እየሞከርን ነው። እስከዚያው ጠዋት መኪናዎን ከማስነሳትዎ በፊት ኮፈኑን በእጅዎ መታ መታ አድርገው ትንሽ ይጠብቁ። ጓንትዎን ማውለቅ አያስፈልግዎትም።