የማሳረፊያው ድንጋይ

ውድ ያስሚን፣

ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም ጊዜ «ሰላም መሆንሽን ልጠይቅ ብዬ ነው» እያልኩ ዘጋሁት። ዋሽቼሻለሁ። የደወልኩት አማረች መሞቷን ልነግርሽ ነበር። የአያ ተክሌ ልጅ፣ ያን ቀን የመለኪያውን ዘንግ ይዛልን «ቀጥ ብሏል?» እያለች ስትስቅ የነበረችው።

በስልክ ያልወጣልኝን በጽሑፍ ልሞክር። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፣ ምክንያቱም አንቺ የማታውቂው ነገር መሀሉ ላይ አለ።

ሁለታችን ለልምምድ እዚህ የመንገድና የድልድይ ሥራ ካምፕ የገባን ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺ የዚሁ የአርብ ገበያ ልጅ፣ እኔ ከመካነ ኢየሱስ በሻንጣና በደብዳቤ የመጣሁ። ትልቅ ድርጅት ገባን ብለን የራስ ቁራችንን አድርገን ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ስናነሣና የሲሚንቶ ናሙና ስንሸከም ከረምን። አንቺን «ተለማማጇ» እኔን «አንተ ልጅ» ከማለት በቀር ስማችንን የጠየቀን አልነበረም። ስለዚህ ኢንጂነር ካሌብ ፎርም ሰጥቶ «ውሃው እስከ የት እንደሚሞላ ገበሬዎቹን ጠይቃችሁ ሙሉና አምጡ» ሲለን በደስታ ልንሞት ደረስን። የመሐንዲስ ሥራ ተሰጠን ብለን።

አያ ተክሌ ማሳቸውን ትተው ወንዙ ድረስ ወረዱልን። ያሳዩን ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ አስከሬን ወደ ሚካኤል ሲሄድ ቃሬዛው የሚያርፍበት፣ ቄሶቹ ፍትሐት የሚያደርሱበት።

«ውሃው ይህን አልብሶት ነበር» አሉ። «በዘመነ ዮሐንስ፣ የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ማግስት። ሬሳ ይዘን እዚያ ማዶ ቆመን አደርን።»

አንቺ «ስንት ዓመተ ምሕረት ይሆናል አያ?» ስትያቸው፣ «እሱንማ እናንተ የተማራችሁት ቁጠሩት፤ እኔ ያኔ ሚስት አላገባሁም» ብለው ሳቁብሽ። ለካንና ቁጥሩ ወጣ። ከወንዙ ወለል አራት ሜትር ከሠላሳ። የድልድዩ ወለል በዲዛይኑ ከዚያ አንድ ሜትር ከሃያ ዝቅ ይል ነበር። ተያየን። አንቺ በመዝገብሽ በእስክሪብቶ ጻፍሽው፣ እኔ በእርሳስ። ሁልጊዜም በእርሳስ እጽፍ ነበር። «ፈሪ» ትይኝ ነበር፣ «ስትሳሳት እንዳይታይብህ ነው።»

ካሌብ ሲያየው አልተቆጣም። ያ ነው የሚገርመኝ። «ዲዛይኑ ተፈርሞ የመጣ ነው፤ ለአንድ ሽማግሌ ብዬ ልመልሰው?» አለ። «ቁጥሩን አጥፉትና የልምምድ መዝገባችሁን እፈርማለሁ።»

አንቺ «በእስክሪብቶ ነው፣ አይጠፋም» አልሽው።

«እንግዲያው ገጹን ቅደጂው።»

«አልቀድም።»

እኔ ያን ጊዜ ላጲስ ከኪሴ እያወጣሁ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስፍቅ ታይኝ እንደነበር አውቃለሁ። አንቺን «ትእዛዝ አትቀበልም» ብሎ ጣለሽ፣ ልምምዱን ድገሚ ተባልሽ፣ አልደግምም ብለሽ ኮምቦልቻ አጎትሽ ሱቅ ገባሽ። እኔ በከፍተኛ ውጤት አለፍኩ። ስመረቅም ይኸው ድርጅት ቀጠረኝ። ስትሄጂ መዝገብሽን ሰጠሽኝ፤ «አንድ ቀን የሚፈልገው ሰው ይመጣል፣ ያኔ ታወጣዋለህ» ብለሽ። ያንን ሁሉ አይተሽ እንኳ እኔን አመንሽ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። አምና የድልድዩን ደጋፊ ግንብ ስናቆም ድንጋይ አነሰን። ግንበኞቹ የማሳረፊያውን ድንጋይ አሳይተው «ይሄን እንስበረው?» አሉኝ። ረስቼ አልነበረም ያስሚን። በደንብ አውቀው ነበር። ጠዋት ማታ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ ቁጥር ይመጣብኝ ስለነበር ከዓይኔ እንዲጠፋ ፈለግሁ። «ስበሩት» አልኩ። የአገሬው ሰው ሲያጉረመርም «መንገድ እየሠራንላችሁ አይደል እንዴ?» ብዬ አፋቸውን ያስዘጋሁትም እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ነሐሴ፣ አማረች አርብ ከገበያ ስትመለስ ውሃው ከድልድዩ በላይ ይሄድ ነበር። ድሮ ቢሆን እዚህኛው ዳር ቁጭ ብላ እስኪጎድል ትጠብቃለች፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። አሁን ግን ድልድይ አለ። እግሯ ሥር መኖሩን ስለምታውቅ አህያዋን እየነዳች ገባች። በማግስቱ ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ አገኟት።

ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ከለመዱት ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉና ግራ ተጋቡ። ከዚያ ከእኛ ግንብ ላይ አሳረፏት። ቄሶቹ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ሁሉም ያለቅስ ነበር፣ እኔ ግን እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ቀጥሎ አጣሪዎች መጡ። አያ ተክሌን «ውሃው እስከዚህ እንደሚደርስ ለድርጅቱ ነግረው ነበር?» አሏቸው።

«እንዴታ! ድንጋዩን አሳይቻለሁ፣ ልጆቹም ጽፈውታል።»

«የቱ ድንጋይ?»

እሳቸውም እጃቸውን ወደ ባዶው መሬት ዘረጉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «መሐሪ ልጄ፣ ጽፈኸው የለም እንዴ? ንገራቸው እንጂ።»

መዝገብሽ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ ከቆምንበት ካምፑ ይታያል። ካሌብ አጠገቤ ቆሟል። «አላስታውስም» አልኩ። ጎረቤታቸው ሁሉ በተሰበሰበበት። አያ ተክሌ የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የተሳሳትኩ፣ እርጅና ነው» አሉ ለሰዎቹ። አጣሪዎቹ «የተፈጥሮ አደጋ» ብለው የጻፉትን ወረቀት አቀረቡልኝና ፈረምኩ። ለፊርማ እርሳስ አይሆንም ስላሉኝ በእስክሪብቶ።

ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ባለፈው እሑድ ከሚካኤል መልስ መዝገብሽን በጋቢዬ ሥር ይዤ እቤታቸው ሄድኩ። ገጹን አሳይቼ «አልተሳሳቱም» ልላቸው ነበር። በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ያን ቀን የተሳሳተ ቦታ አሳይቻችሁ ነው ድልድዩ ዝቅ ያለው። እናንተማ የነገርኳችሁን ሠራችሁ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ያስሚን፣ መዝገቡ ጋቢዬ ሥር ነበር። ብብቴ ሥር ይሰማኛል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ይቅር ብዬዎታለሁ አያ» አልኳቸው።

ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ይዤ ቀና አደረግኋቸውና ሮጬ ሄድኩ።

መዝገቡን ገበያው ላይ ባለው ሱቃቸው ለእናትሽ ለእትዬ ዘሀራ ሰጥቻለሁ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የያስሚን ነው» አልኳቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተናገርኩት እውነት ይኸው ብቻ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፣ ይቅርታ እንዴት ባለ አፍ እንደሚነገር አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ አንቺ ነይና ንገሪያቸው። አርጅተዋል፣ አትቆዪ። ስሜን አትደብቂ። ይህንንም ደብዳቤ ለፈለገው ሰው አሳዪ፤ በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።

ያሳፈርኩሽ፣
መሐሪ