የመምህር ሀብተሚካኤል ላቀው ሕይወት፣ የፍኖተ ሰላም ወጣቶች ቲያትርና የአንዲት እናት ይቅርታ

መምህር ሀብተሚካኤል ላቀው ከአባታቸው ከመሪጌታ ላቀው ወልደ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቴ ገብረ ኢየሱስ፣ በምዕራብ ጎጃም ቡሬ ወረዳ ዝግባ ሚካኤል በተባለው አጥቢያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የመልአኩ ዓመታዊ በዓል ነበረና አባታችን ከማኅሌት ሲመለሱ ልጁ ተወልዶ ጠበቃቸው፤ ስሙም ያለ ክርክር ወጣ። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ያምሮት ደግሞ የመጨረሻዋ ነኝ። የልጅነታቸውን ነገር ከእናታችን የሰማሁትን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የማቀርበው።

ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት ከአባታችን ዘንድ ነው። አባታችን መሪጌታ እንዲሆኑላቸው አጥብቀው ይመኙ ነበር። ወንድሜ ግን የቅዳሴውን ዜማ ከማጥናታቸው በፊት የቀዳሹን አረማመድ፣ የምእመኑን ሳልና የአስቀዳሾቹን እንቅልፍ አጥንተው ይጨርሱና ቤት ሲመለሱ እየተነሡ ያሳዩ ነበር። አባታችን አለንጋ ይዘው ይነሣሉ፤ ከዚያ ሳቃቸው ያሸንፋቸውና ይቀመጣሉ። በመጨረሻ በ1963 ዓ.ም. ቡሬ ከሚኖሩት አጎታችን ዘንድ ተልከው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ክፍል እየዘለሉ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው አጠናቀው፣ በደብረ ማርቆስ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው፣ በ1974 ዓ.ም. ሽንዲ ላይ የአማርኛ መምህር ሆነው ሥራ ጀመሩ።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ካሰች ዓለምብርሃን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ምሕረትን፣ ወንድምአገኝንና ትሕትናን አፍርተዋል። በ1983 ዓ.ም. ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚሁ ከተማ አስተምረዋል። ብዙዎቻችሁ በክፍል ውስጥ ታውቋቸዋላችሁ። ደግነታቸውን ብቻ ብናገር የሚስቁብኝ ተማሪዎች ከፊቴ ስላሉ፣ ቁጡም እንደነበሩ አልደብቅም።

የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ግን ከክፍል ውጭ የሠሩት ነው። በ1994 ዓ.ም. የከተማውንና የአካባቢውን የገጠር ወጣቶች ሰብስበው ቅዳሜና እሑድ ቲያትር ማስተማር ጀመሩ። አንድ ወጣት ሲመዘገብ ወንድሜ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ወላጆቹ ቤት ነው። በተለይ ሴት ልጅ ከሆነች አባቷና እናቷ ሳይመርቁ አይቀበሏትም፤ ልምምድ ሲያበቃም ራሳቸው ወይም ወይዘሮ ካሰች ቤቷ ድረስ ይሸኟታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት መድረክ ላይ ማንም አይወጣም። ወጣቶቹ ወደ እህል ገበያ፣ ወደ እድር ስብሰባ፣ ወደ ሽማግሌዎች ዳኝነት ይላኩና ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የተበደለ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ አይተው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ በወንድማማቾች የመሬት ክርክር፣ ያለ ዕድሜ በሚዳሩ ልጆችና ለሥራ ወደ ሁመራና መተማ በሚሄዱ ጎልማሶች ሕይወት ላይ ቲያትር ይሠሩ ነበር። በገበያ ቀን ቡሬ፣ ሽንዲና ሊበን ድረስ እየሄዱ ያሳያሉ።

እዚህ ላይ ወንድሜ በሕይወት ዘመናቸው የሠሩትን ትልቅ ስሕተት መጻፍ አለብኝ። እንዳልዘለው አደራ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

በነሐሴ ወር 2001 ዓ.ም. ለዘመን መለወጫ የሚያሳዩት ቲያትር ሁመራ ሄዶ ስለሞተ አንድ ወጣት ነበር። የሚለማመዱበት የከተማው አዳራሽ ቀን ቀን በስብሰባ ስለሚያዝ ልምምዱ ማለዳ ሆነ። ወንድሜ ደግሞ ለቅሶን በሹክሹክታ መለማመድ አይወዱም፤ ሙሉ ድምፅ እንዲወጣ አዘዙ። ወጣቶቹ ለሟቹ ባምላኩ የሚል ስም ሰጡት፤ እርሳቸውም ሰፈሩ ውስጥ ባምላኩ የሚባል ሰው እንዳለ ሳይጠይቁ ተቀበሉት። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። የለቅሶ ድምፅ የሰማ ጎረቤትም ገብቶ ማን ሞተ ብሎ አይመረምርም፤ እናት ከመስማቷ በፊት ዘመድ ለመሰብሰብ ይሮጣል። ከአዳራሹ ጀርባ ደግሞ ወይዘሮ እማዋይሽ ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ባምላኩ ይርሳው በ1999 ዓ.ም. ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ከኪዳን ጸሎት ይመለሱ የነበሩ ጎረቤቶች «ባምላኬ፣ ልጄ ባምላኬ» የሚለውን ሙሾ ሰሙ። መርዶ ነጋሪዎቹ አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰቡ መሰላቸው። ዘመድ ተጠራ፣ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ወይዘሮ እማዋይሽም ነጠላቸውን አገልድመው ፊታቸውን ነጩ። ወንድሜ ጡሩምባውን ሰምተው እንደማንኛውም ጎረቤት ለለቅሶ ሲሄዱ፣ የሟቹን ስም የሰሙት ድንኳኑ በር ላይ ነው። ሰው ሁሉ እያየ በእናቲቱ እግር ላይ ወድቀው የተሰማው የእርሳቸው ቲያትር እንደሆነ ተናገሩ። ልጁ አለመሞቱን ስለሰሙ ደስ ያላቸው ነበሩ፤ የተቆጡት ግን ይበልጡ ነበር።

ለይቅርታ በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው፣ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ሄዱ። እኔም ከኋላ ነበርሁ። ወይዘሮ እማዋይሽ ከደጃፋቸው ሳይነሡ፣ «ቆሞ የሚሄድ ልጄን አንቱ አልቅሰው ቀበሩብኝ። እሱ በዚህ በር የገባ ለት ይቅር እልዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌም አይላኩብኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹም እናቲቱ እሺ እስኪሉ ድረስ ቲያትሩ እንዲዘጋ ወሰኑ። ወንድሜ ድንጋዩን አውርደው ወደ ቤት ተመለሱ።

ሰባት ወር ተዘግቶ ቆየ። በመጋቢት ወር 2002 ዓ.ም. ሽማግሌ ሳይዙ ብቻቸውን ሄደው፣ ወጣቶቹ በየገበያው ባምላኩን ይፈልጉት ዘንድ ፈቃድ ለመኑ። ወይዘሮ እማዋይሽም፣ «ፈልጉት እንግዲህ» አሉ። ቲያትሩ የተከፈተው በዚህ ቃል ነው። ይቅርታው ግን አልተሰጠም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የትም ቦታ ቲያትሩ ሲያበቃ አንድ ወጣት የመድረክ ልብሱን አውልቆ በራሱ ልብስ ይወጣና የባምላኩን ስም፣ መልክና የሄደበትን ዘመን ለሕዝቡ ይናገራል። የመጀመሪያው ቀን ቡሬ እህል ገበያ ላይ ወጣቱ ተናግሮ ሲጨርስ አንድ ገበሬ ተነሥተው፣ «የኔንም ልጅ ጨምሩልኝ» አሉ። ቀጥሎ አንዲት እናት ተነሡ። ወንድሜ ስም መመዝገቢያ ደብተር ገዙ፤ ደብተሩም አንድ ሆኖ አልቀረም። በዚህ መንገድ የአሥራ ሰባት ሰዎች ወሬ ተገኝቷል። ሊበን ላይ ስሟ የተጠራ አንዲት ልጅ ሽንዲ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ተገኝታ ለእናቷ በቅታለች። አንድ ሰው ደግሞ ጠፍተው ሳይሆን ከሚስታቸው ተደብቀው ኖሮ፣ በመገኘታቸው ወንድሜን እስከ ዛሬ አላመሰገኑም።

ባምላኩ ግን አልተገኘም። ወንድሜ ከየጉዞው ሲመለሱ አቧራቸውን ሳያራግፉ ወደ ወይዘሮ እማዋይሽ ደጅ ሄደው የት እንደጠየቁና ምን እንደሰሙ ይናገራሉ። ተቀመጡ ተብለው ስለማያውቁ ቆመው ተናግረው ይመለሳሉ። በእነዚያ ዓመታት እኔ በጣም እናደድ ነበር። አንድ ቀን ያጠፉት ጥፋት ይህን ሁሉ ዘመን የሚያስቆም አይደለም፣ ሴትዮዋም ልባቸው ደንድኗል ብዬ ወንድሜን በቁጣ ተናግሬያቸዋለሁ። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «አንቺ ድንኳኑ በር ላይ አልነበርሽም» ብለው መለሱልኝ። ወይዘሮ እማዋይሽ ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ ስለተናገርሁት ይቅርታቸውን እለምናለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ቀጥሎ መንገዱ አስቸጋሪ በሆነባቸው ዓመታት ወጣቶቹ ከከተማ መውጣት ስላልቻሉ በየሰፈሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። በእርሳቸው እጅ ያለፉት ልጆች ዛሬ መምህራን፣ ነርሶች፣ ገበሬዎች፣ ዲያቆናትና ነጋዴዎች ናቸው። ተዋናይ የሆነ አንድም የለም፤ ሰው ይህን እንደ ነቀፌታ ሲነግራቸው ይስቁ ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር፣ ሲዘጋም እዚሁ በከተማችን ሐኪሞች ሲረዱ ከርመው፣ ባለፈው ታኅሣሥ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። በዚያው ወር ወይዘሮ እማዋይሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ወንድሜ ሊነሡ ሲታገሉ እጃቸውን ይዘው አስተኟቸውና ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ያሉትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ሀብቴ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ከደጄ አቆምሁህ። የልጄን ስም እኔ እንኳ አፌ ላይ ሲከብደኝ አንተ በየአገሩ ጠራኸው። ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፤ እግዜር ይፍታህ።» ወንድሜ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኛም ሁላችን አለቀስን።

ወይዘሮ እማዋይሽ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ወንድሜ አላረፉም። ይቅርታው የተሰጣቸው ልጁ ሳይገባ በመሆኑ ከባድ አደራ ሆነባቸው። ጠርተውኝ፣ «ያምሮት፣ ቲያትሬን ያላየ ሁሉ ቀብሬ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

መምህር ሀብተሚካኤል ላቀው ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው፣ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀብለው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እንደከበቧቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ካሰች ዓለምብርሃንን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅት ወንድሞቻቸውንና በዚህ ድንኳን ዙሪያ ቆመው የሚያለቅሱትን ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም ከሩቅ ከቅርብ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰባቸው ምስጋናውን ያቀርባል።

እንግዲህ የተጣለብኝን አደራ ልፈጽም። ከቡሬ፣ ከሽንዲ፣ ከሊበንና ከየገጠሩ ለዚህ ቀብር የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ባምላኩ ይርሳው በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ከፍኖተ ሰላም ወደ ሁመራ ሲሄድ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ይሆነዋል። ቁመቱ ረጅም፣ መልኩ ጠይም ነው፤ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት፤ ሲናገር ጥቂት ይንተባተባል። በሕይወት ሆነ በሞት፣ ያየ ወይም የሰማ ሰው ካለ እባካችሁ ሳትነግሩን አትሂዱ። እናቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ከድንኳኑ በስተቀኝ፣ ከወይዘሮ ካሰች ጎን ተቀምጠዋል፤ እስከ ሠልስቱ ድረስም አይነሡም።

አምላከ ቅዱስ ሚካኤል የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ባምላኩንም ካለበት አምጥቶ ለእናቱ ዓይን ያብቃው። አሜን።