ለእርስዎ የተውነው ብሎን

ውድ ጋሼ፣

እንደ ወጉ ስለ ጤናዎ በሰፊው ጠይቄ ነበር ወደ ጉዳዬ መግባት የነበረብኝ። ግን እርስዎ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ነኝና አመሌን ያውቁታል። በያጃችን ያዘጋጀንልዎን ዊልቸር እቤትዎ ድረስ ይዞልዎ ቢመጣ «ለሚገባው ስጡት» ብለው መለሱት አሉ። እግርዎ ከከዳዎት ወዲህ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ግድግዳ ይዘው እንደሚሄዱ፣ በረንዳ ላይ ከወጡም ብዙ ጊዜ እንደሆነዎት ባለቤትዎ እትዬ ነግረውኛል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ይህንኑ ቃል እናቴም ለእርስዎ ተናግራው ነበርና።

ይህን የምጽፈው እዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጡልኝ ለመለመን ነው። እንዲሁ ብለምንዎ ግን እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ስለዚህ እርስዎ ከቤት ከዋሉ ወዲህ ዊልቸር እየሠራ ለሚሰጠው ማኅበራችን ገንዘብ ስንፈልግ የሆነውን ላጫውትዎ።

የቆየው ረጂያችን እጁን ሰበሰበ። የምንሠራበት ጋራዥ ባለቤትም ኪራዩን ካልቻላችሁ ቁልፉን አስረክቡኝ አለ። ማኅበር በምርቃት ብቻ አይኖርም፤ ጠረጴዛዬን ከግራሶ ጣሳዎቹ አርቄ ለጋሽ ፍለጋ ገባሁ። አንዱ ድርጅት የሚረዳው ወጣቶችን ብቻ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ አብዛኛው ጡረታ የወጣ ነው። ሌላው ለዛፍና ለውሃ ነው። በያጁ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ቆየና «ወንበሩ ላይ ችግኝ እንትከልና የአካባቢ ጥበቃ ነው እንበላቸዋ» አለኝ። ሦስተኛው አዲስ ፈጠራ ይፈልጋል። ጎማ መቀየርን ፈጠራ ለማስመሰል አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ሳነበው ራሴው አፈርኩና ቀደድኩት። እርስዎ ሰው ተለክቶ ነው ወንበር የሚሰጠው እንጂ ለወንበር ሰው አይፈለግም ይሉ ነበር። ለጋሽም እንደዚያው ነው ብዬ፣ በልካችን የሆነ እስኪገኝ ድረስ መፈለጌን ቀጠልኩ።

ተገኘ። ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሰዎች ደጅ ለሚያወጡ ትንንሽ ማኅበራት ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ከማመልከቴ በፊት ደውዬ እኛን ይመለከት እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ይመለከታችኋል አሉኝ። ማመልከቻው የተጠቃሚዎቻችንን ስም በአንድ በኩል፣ የበጎ ፈቃደኞቻችንን ስም በሌላ በኩል ይጠይቃል። ሞልቼ ላክሁ። ብዙ ሳይቆይ መልስ መጣ፤ በሁለቱም ዝርዝር ያሉት ስሞች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ስህተቱን አርሙ ይላል።

ለማረም ተቀመጥኩ፤ መለየት ግን አቃተኝ። ልብስ ሰፊዋ፣ ያቺ በራሷ ዊልቸር ላይ ሆና ለሌላው መቀመጫ የምትሰፋው፣ አጠገቤ ነበረች።

«አንቺን የት ልጻፍሽ?» አልኳት።

«ጠዋት ተጠቃሚ፣ ከሰዓት በጎ ፈቃደኛ» አለችኝ፣ ከመርፌዋ ቀና እንኳ ሳትል።

«ምሳ ሰዓት ላይስ?»

«ምሳ ሰዓት ላይማ ርሃብተኛ።»

ጥፋቱ የእርስዎ ነው ጋሼ። ወንበር የተረከበ ሰው ከበሩ ከመውጣቱ በፊት ለሚቀጥለው ሰው በሚሠራው ወንበር ላይ አንድ ብሎን ያጠብቃል ብለው ሕግ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ሰዉም በአንድ ብሎን ጀምሮ እጁ ይለምድና እዚያው ይቀራል። እኔስ እናቴን ይዤ መጥቼ አይደል የቀረሁት?

እናቴን በታክሲ ያመጣኋት ቀን ትዝ ይልዎታል? አልቀመጥም ብላ እምቢ አለች። «እኔ ከእንግዲህ ሸክም ነኝ፤ ለሚገባው ስጡት» አለች። እርስዎ አልተከራከሯትም። መፍቻውን በዚያ በሽታ ባደከመው እጇ አስያዟትና «እማማ፣ ይቺን ብሎን እስቲ ያጥብቁልኝ፤ የሌላ ሰው ናት፣ እንዳትወልቅበት» አሉ። እጅዎን በእጇ ላይ አድርገው አብራችሁ አዞራችሁት። ወደ ቤት ስንመለስ በአዲሱ ወንበሯ ተቀምጣ ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «አይወልቅም አይደል?» እያለች መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ብሎን ጠየቀችኝ። እስክታርፍ ድረስ መንገድ ላይ ዊልቸር ባየች ቁጥር «የኔዋ ብሎን እዚያ ላይ ትሆን?» ትል ነበር። ያን ቀን እንደ አባት ወደድኩዎ፤ አፍ አውጥቼ ግን ነግሬዎት አላውቅም።

ለለጋሹም ይህንኑ ጻፍኩላቸው። ስህተት አይደለም፣ እኛ ዘንድ ሰጪና ተቀባዩ አንድ ሰው ነው አልኩ። ከዚያ አንዲት ሴት ልታየን መጣች። ጋራዡን አስጠርጌ፣ ሰዉን ሁሉ ሥርዓት እንዲይዝ ለምኜ ነበር። ማን ሰምቶኝ። የምትጎትታት ሻንጣ አንዱ ጎማ ያነክሳል። በያጁ ሳይጠይቃት ከእጇ ወስዶ ገለበጣት፤ ጎማውን ፈታ፣ ጠረገ፣ ግራሶ ቀብቶ መለሰላት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግዳዋ አመስግና ልትሄድ ስትል ልብስ ሰፊዋ መፍቻ ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ እዚህ ቤት ያስጠገነ ሰው እንዲሁ አይወጣም።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከዚያ ኮቷን አውልቃ ተንበረከከችና በመሠራት ላይ ካለ ወንበር አንድ ብሎን አጠበቀች። የማን ወንበር እንደሆነም ጠየቀች። «ገና አልታወቀም፤ የሚፈልገው ሰው መምጣቱ ግን አይቀርም» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። በሩ ላይ ስሸኛት «አሁን እኔን የትኛው ዝርዝር ላይ ልትጽፊኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

ድጋፉ ተፈቀደልን ጋሼ። ጋራዡ አይዘጋም። ይህን የምሥራች ልነግርዎ ስደውል ነው እትዬ ስለ እግርዎ ያወሩኝ። እንግዳዋ ብሎን ያጠበቀችበት ወንበር ባለቤትም ያን ጊዜ ታወቀ።

ለሚገባው ስጡት ብለዋል። እኛ ሁላችን መጀመሪያ ወንበር ተቀብለን ነው ብሎን ያጠበቅነው። እርስዎ ግን ስንት ዘመን ሙሉ ብሎኑን ሲያጠብቁ ኖረው ወንበርዎን ሳይወስዱ ቀሩ። ከእርስዎ ይበልጥ የሚገባው ሰው ካለ ስሙን ይንገሩኝና ለእሱ እወስድለታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና በያጁ ወንበሩን ይዘን እንመጣለን። ለደረጃው አይስጉ፤ ሳንቃ እናመጣለን። ጋራዡ ውስጥ ለአንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የሚሠራ ወንበር አለ። ጎማው ገብቷል፣ መቀመጫው ተሰፍቷል፤ በግራ በኩል ያለችው አንዲት ብሎን ብቻ ላላ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ማንም እንዳይነካት ቀይ ክር አስራባታለች። አስተማሪዋ ወንበሯ መቼ እንደሚደርስ ስትጠይቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነይ ብለናታል።

መፍቻዎን ወልውዬ ይዤልዎታለሁ።

አፍሳ ለቃሚዋ ልጅዎ