የፖሜሩን ወንዝ ሰዎች በድንገት ስለ በለጸግንበት ሁኔታ

ይድረስ ለሀገራት የነፍስ ወከፍ ገቢ መለኪያና ማነጻጸሪያ ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ ሆይ፣

ጤናችሁ እንደ ሠንጠረዣችሁ ከዓመት ዓመት ሽቅብ እንዲወጣ ከጉያና፣ ከፖሜሩን ወንዝ ዳር እመኛለሁ። እኛም እናንተው እንደ መሰከራችሁልን ደህና ነን።

አስቀድሜ ላመስግን። በድሆች ተርታ ተኝተን በሀብታሞች ተርታ ነቃን፤ ከደጃፉ ሳይወጣ ይህን ያህል መንገድ የተጓዘ ሕዝብ በታሪክ አላነበብሁም። ከባሕሩ መካከል፣ ዓይናችን ከማይደርስበት ቦታ የተቀዳውን ነዳጅ ለሕዝባችን ቁጥር አካፍላችሁ ለያንዳንዳችን ድርሻችንን አስታቅፋችሁናል። ጥቂቶች ስለሆንን ድርሻው ወፍራም ነው። ጎረቤቴ ጀልባ ሠሪው ራምዳስ ግን ምስጋና አያውቅም፤ "የኔን ድርሻ የወሰደው ሰውዬ ሲያልፍ እንኳ ሰላም ቢለኝ ምናለ!" እያለ ያማርራል።

አቤቱታዬን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

፩ኛ/ የክሊኒክ ጀልባ ነበረችን። ነርስ የፈለገ ሰው ከቤቱ ፊት ባለው የእንጨት መውረጃ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል፤ ጀልባዋም ትቆምለታለች። ነዳጇንና መድኃኒቷን የሚችሉት ድሃ አገርን ብቻ የሚደግፉ ረጂዎች ነበሩ። እናንተ ባበለጸጋችሁን ማግስት "እንኳን ደስ አላችሁ" ብለውን ወደ ሌላ አገር ወሰዷት። የኛ መንግሥት ደግሞ ምትኳ በዕቅድ ተይዟል ይለናል። ወንዙ ሁሉ አክስቴ የሚላቸው ድሩፓቲ ስኳር አለባቸው፤ የእግራቸውን ቁስል በየሳምንቱ የምታጥብላቸው የጀልባዋ ነርስ ነበረች።

፪ኛ/ ይህንኑ ብጽፍላችሁ አኗኗራችንን የምታይ መርማሪ ላካችሁልን፤ ትሕትናችሁን አልረሳም። እኔው ራሴ አክስቴ ድሩፓቲ ቤት ወሰድኋት። እሳቸውም ቁስሉን በቀሚሳቸው ሸፍነው ምሳ አቀረቡላት።

"አክስቴ፣ የጎደለዎት ነገር አለ?"

"ምን ይጎድለኛል ልጄ? ዓሣው ጎረቤት፣ ካሳቫው ጓሮ። ይልቅ አንቺ ከስተሻል፤ ብዪ እንጂ!"

"ሕክምናስ?"

"ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ምስሩን ጨምሪበት።"

እኔ በኃይል ሳልሁ።

"ጉቬያ፣ ከጠማህ ውሃው እዚያ ነው" አሉኝ።

መርማሪዋ ሁሉንም መዝግባ፣ ጎረቤት የሰጣቸውን ዓሣ ሳይቀር በገበያ ዋጋ ተምና ገቢያቸው ላይ ደመረችላቸው። ስትሄድ "አክስቴ፣ ምን ነካዎት?" ብላቸው፣ "ታዲያ ልጅቷ እየበላች ስለ ቁስል ላውራላት? አንተ ደግሞ፣ አስተማሪ ነኝ ትላለህ!" ብለው ገሠጹኝ። በዚህ ወንዝ እንግዳ ፊት ችግርን ማውራት "በቃህ፣ ተነሥ" ብሎ እንደ ማባረር ነው። ይህን የምትጽፉበት ዓምድ እንደሌላችሁ ተረድቻለሁ።

፫ኛ/ ሦስተኛውን ጀምሬ ተውሁት፤ የምከሰው ሰው አጣሁ። ማካፈሉን ደግሜ ሠራሁት፣ ልክ ነው። መርማሪያችሁ የተነገራትን ጻፈች። ረጂዎቹ ከኛ ወደ ባሰባቸው ሄዱ፣ እሱም ደግ ነው። አክስቴ ድሩፓቲም እንግዳ አከበሩ። ሁሉም የሚገባውን አደረገ፤ ቁስሉም እንደዚሁ የሚገባውን አደረገ። ባለፈው ወር በራምዳስ ጀልባ ከተማ አድርሰናቸው ነበር፤ ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። አንዱ እግራቸው ተቆርጦ በአንድ እግር መለስናቸው። ነጩ ጨርቃቸው ግን ዛሬም እመውረጃው ላይ ነው፤ ላወርደው ብል "ተወው፣ ምናልባት ታልፍ ይሆናል" አሉኝ።

ስሌታችሁ እንዳይሳሳት፣ አካፋያችሁም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ባልደከምሁበት ሀብት ፊት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ኢግናሲየስ ጉቬያ
ጡረተኛ የሂሳብ መምህር፣ በእናንተው ቸርነት ባለጸጋ

ማስታወሻ፦ አክስቴ ድሩፓቲ ለመርማሪያችሁ ሰላምታ ልከዋል። እንደዚያው ከስታ እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ ከመጣችም ምሳ አለ በላት ብለውኛል። ብቻ ተነሥተው ስለማያስተናግዷት አስቀድሜ ይቅርታ እንድጠይቅላቸው አደራ ብለዋል።