የጓዳዬን ሽታ ለወንዶች ሽቶ ስላደረጉልኝ

ለከተማ ገጽታ ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጥቅምት ብርድ ደረትዎን እንዳይዘው፣ ይልቁንም አፍንጫዎን እንዳያፍነው እመኛለሁ፤ ሰፈራችን የሚተዳደረው በእርስዎ አፍንጫ ነውና። እኔ በወይራ ሥር ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ጠላ ጠምቄ የኖርሁ ፈንቴ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ መስመሬ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሴ ያነበብሁት የመጀመሪያው ወረቀት በነሐሴ የጓዳዬን በር ያሸጉበት ነው። «ጭሱና ሽታው የከተማዋን ገጽታ ስለሚያበላሽ» ይላል። ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ሠናይት ከምታጸዳው ሆቴል ከነጠርሙሱ ያመጣችልኝ የሽቶ ካርቶን ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ለእንግዶች ያደለው ሽቶ ስሙ «ወይራ ሥር» ነው። «የወይራ ጭስ፣ የእርጥብ እንጨትና የድንጋይ ሽበት መዓዛ፤ ለወንዶች» ይላል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጠርሙሱን ከፍቼ ባሸትተው ጓዳዬ ነው። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ጠላው እንደማይጥም ያውቃሉ። በሰኔ ሠራተኞችዎ አንድ ሽቶ ቀማሚ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሰውየው አንገቱን በጋኔ አፍ አስገብቶ እንባው እስኪወርድ አሸተተ፣ በደብተሩም ጻፈ። እኔም የዋህ ነኝና አንድ ብርጭቆ ቀዳሁለት። በሁለት ወሩ በሬ ታሸገ። አንዱ ሽታ ከእኔ ጓዳ ሲወጣ ነውር፣ ከጠርሙስ ሲወጣ ስጦታ መሆኑን ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ «የድንጋይ ሽበት» የተባለው በአጥሬ ድንጋይ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነው። የበቀለውም ጽሕፈት ቤትዎ አሠራዋለሁ ያለው የውሃ መውረጃ ስድስት ክረምት ሙሉ ሳይሠራ ስለቀረና ጎርፉ አጥሬን ስለሚያረጥበው ነው። እኛ ቸልታ ብለን እናማዎ ነበር፤ ለካስ ሽቶ እያበቀሉ ኖሯል።

ሦስተኛ፣ ለወንዶች መደረጉ ደንቆኛል። ባሌ ሞላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋን ሲያጥን አይቼው አላውቅም፤ ጭሱ ስለሚያመው ሲጠጣ ብቻ ይመጣ ነበር። ከጠርሙሱ የተረፈውን ጎረቤቴ ሙላቴ ተቀብቶ ቤቱ ቢገባ፣ ሚስቱ ፈንታነሽ አሸተተችውና «አንተም ጋን ማጠን ጀመርህ? እሰይ፣ ሁለት ቀርተውኛል፤ እጅጌህን ሰብስብ» አለችው። ምስኪኑ ከዚያ ወዲህ ሽቶ አይወድም።

አራተኛው ምስጋና አይደለም። በታሸገው ጓዳ ውስጥ አራት ጋኖች ሳይታጠቡና ሳይታጠኑ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ አንዱ የእናቴ ነው። የሻገተ ጋን አመድ መያዣ ይሆናል እንጂ ዳግመኛ ጠላ አይጠመቅበትም። የምኖረው በእነርሱ ነው፤ አሁን የሰው ልብስ እያጠብሁ አድራለሁ። ኅዳር ጽዮን ደግሞ የማኅበር ተራዬ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ አሳልፌው አላውቅም። ከዚያ በፊት በሬን ይክፈቱልኝ።

ሥራዬን በጠርሙስ፣ በሬን በማኅተም ጠብቀው ላኖሩልኝ ለክቡርነትዎ እስከ መሬት እጅ እየነሣሁ፣

ፈንቴ፣ ከወይራ ሥር
ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሳልጽፈው የቀረ፦ በሬ ሳይከፈት ኅዳር ጽዮን ከተቃረበ፣ ለጠላው መጥመቂያ ፈንታነሽ አንድ ጋን ልታውሰኝ ተስማምተናል፤ ማኅበርተኞቹም ይሸከሙልኛል። የማጥነው በእርስዎ ቢሮ ኮሪደር ላይ ነው። አሻጊ ሠራተኛ የሚልኩብን ከሆነ ወረቀቱን በስምዎ ጽፎ ይምጣ፤ በዚያን ቀን ሽታው የሚወጣው ከእርስዎ ቤት ነው።